እጥፋት

ወሬው በመስከረም፣ ስብሰባው በኅዳር።
ልጅ እግር አማካሪ ከሄልሲንኪ መጥቶ በባቡር፣
ግድግዳው ላይ ቁልቁል የሚወርድ መስመር
እያሳየን አለ፦ «ሦስተኛው ማሽን በረዶ ሲቀልጥ ይዘጋል፤
ማን እንደሚሄድ ግን በደብዳቤ ይነገራል።»
ያን ጊዜ ወንዛችን ገና ይፈስስ ነበር።

እዚህ ሰው ሐዘኑን ብዙ አያወራም፤
ለመወራረድ ግን ማንም አይፈራም።
በየዓመቱ ካንቲን ውስጥ፣ ከቡናው ማሽን ጎን፣
የወንዙ በረዶ የሚሰበርበትን ቀን
በአምስት በአምስት ዩሮ እንገምታለን።
ዘንድሮ ግን ቱሬ፣ የፈረቃው ቀልደኛ፣
ሁለተኛ ቆርቆሮ አኖረልን ለእኛ፤
«የደብዳቤው ቀን» ይላል የለጠፈው ጽሕፈት።
ሳቅን። ከዚያ ዝም አልን።
ከዚያ አንድ በአንድ እየተነሣን ገንዘብ ከተትንበት።
እኔ «መጋቢት አምስት» ብዬ ጻፍሁ በእርሳስ፤
ለምን ቢሉኝ መልስ
አልነበረኝም።

መጠበቅም ሥራ ነው፣ ደመወዝ የሌለው።
ሌሊት ተነሥቼ ኩሽና ውስጥ ሳሰላው፣
የቤቱን ዕዳ፣ ማሞቂያውን፣ የመኪናውን ጎማ፣
ሚስቴ ሲርካ ትደርሳለች በካልሲዋ፣ ኮቴዋ ሳይሰማ፤
«ስንት ቀረን?» ትለኛለች።
ስለ ገንዘቡ ይሁን፣ ስለ ቀኑ፣ ስለ ዕድሜያችን ይሁን
አልጠይቃትም። እርሳሱን
ትቀማኝና መብራቱን ታጠፋለች።

እስከዚያው ማሽኑ ይሮጣል፣ እኛም እንሮጣለን፣
ስምንት ሜትር የሚሰፋ ነጭ ጎርፍ እየጠበቅን።
በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ነገር ነው ያወቅሁት፦
ዓይን ሳያየው በፊት በመዳፌ መለየት
ጸጉር የምታህል እጥፋት።
ጥቅሉ ውስጥ ከተደበቀች፣ ሄዳ ሄዳ በሰው ቤት፣
በሰው አገር፣ ትበጥሰዋለች ድንገት።

መጋቢት አምስት። ወንዙ ድንጋይ እንደ ሆነ ነው።
ፖስታው ላይ ስሜ አለ፤ አንድም ፊደል አልሳቱ።
ከማንበቤ በፊት ወደ መብራቱ አነሣሁት፤
ሰማንያ ግራም፣ ልስልስ ያለ፣ የኛው ነው፣ አወቅሁት፤
ምናልባትም በሌሊት ፈረቃ እኔው ያወጣሁት።
ጥሩ ወረቀት ነው።

ለቱሬም ደርሶታል። ቆርቆሮውን ይዞ መጣ፤
«አሸናፊያችን!» አለኝ፤ ሳቁ ግን አልወጣ።
ሁለት መቶ ዐሥር ዩሮ፤ የአርባ ሁለት ሰው ስንብት፣
ኪሴ ውስጥ ከበደኝ እንደ ብረት።
በረዶው ከኛ በኋላ፣ በአርባ ሦስተኛው ቀን ተሰበረ።
ያንን ውርርድ ማን እንደ በላው አላውቅም፤
ካንቲኑ ተዘግቶ ነበረ።

ሥራ አገናኝ ቢሮ፣ ልጅቷ «ምን ይችላሉ?» አለችኝ።
«ወረቀት» አልሁ። «ሌላስ?»
ዝም ስል፣ ዝምታዬን ቅጹ ላይ የሞላችው መሰለኝ።
ዐሥራ አንድ ማመልከቻ፤ ሁለት መልስ፤ ሁለቱም «እናዝናለን»።
በሃምሳ አንድ ዓመቴ፣ በውርርዱ ገንዘብ፣
ነጭ የጎማ ጫማ ገዝቼ ክፍል ገባሁ፤
ከልጄ እኩዮች ጋር አረጋውያንን ማጠብ፣
ማጉረስ፣ ማገላበጥ ተማርሁ።

የፈተናዬ ዕለት የደረሱኝ እማማ ኦርቮኪ ናቸው፤
ዘጠና ሁለት ዓመታቸው፣ ማየት የተወ ዓይናቸው፣
ቆዳቸው ከሠራሁት ወረቀት ሁሉ የሳሳ፤
ከሥሩ ያደረ እጥፋት በጠዋት ቁስል የሚያስነሣ።
አስተማሪዋ በሩ ላይ ሰዓት ትቆጥራለች።
በጎን አዞርኋቸው፤ አንሶላውን ሳብሁ፣ ወጠርሁ፤
እንደ ጥንቱ በመዳፌ ዳበስሁ።
«እዚህ ጋ» አሉ ከወገባቸው ሥር፣ «እጥፋት አለ።»
እውነታቸውን ነው፤ የኔን እጅ ያታለለ!
«እኔ እኮ ወረቀት ለቃሚ ነበርሁ፣ ያኔ በእጅ ነው ሁሉ ነገር፤
አንዲት ካመለጠችኝ አለቃው ከቀን ሒሳቤ ይቆርጥ ነበር።»
ተንበርክኬ አቃናሁት።
«ፋብሪካው እንዴት ነው?» አሉኝ ኋላ።
አስተማሪዋን አየሁ። ወለሉን አየሁ።
«ደኅና ነው» አልኋቸው።

በመስኮቱ ይሰማል፣ ሳይቸኩል፣ ወንዙ።
መዳፋቸው ሄደ፣ ሄደ፣ እስከ አንሶላው ጠርዙ፤
ምንም አላሉ።